ዘግይቶ የመጣው «ውሃ»፦ የሃንቲንግተን በሽታና ንግግር

(በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሕሙማን እንክብካቤ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ብዙዎቻችሁ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ፣ እንቅልፋችሁን ሳትጨርሱ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ከዓመታት በፊት ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት አንድ የእንክብካቤ ማዕከል ውስጥ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ የሒሳብ መምህርት ነበሩ። በሽታቸው ሃንቲንግተን ይባላል። ፋይላቸው ላይ «አይግባቡም» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቀን ጠዋት እኔ ጥግ ይዤ ማስታወሻ እየጻፍኩ ሳለ አንዲት እህታችን ቁርስ ይዛ ገባች። ደግ ልጅ ናት፤ ሥራዋን የምትወድ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ በእኛው ልንገራችሁ።

«ውሃ ላምጣልዎ?» አለች። መምህርቷ ዝም። «ወይስ ጭማቂ ይሻላል?» ዝም። «በርዶዎታል እንዴ? ብርድ ልብስ ልጨምር?» ዝም። እጃቸው ይወራጫል፣ ቅንድባቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዓይናቸው ግን መስኮቱ ላይ ነው። ልጅቷ ትራሳቸውን አስተካክላ «እሺ፣ በኋላ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። በሩ ከተዘጋ በኋላ መምህርቷ ጮክ ብለው «ውሃ!» አሉ። የተናገሩት ለተዘጋው በር ነው።

ሃያ ሰከንድ ያህል ቢሆን ነው። የተጠየቁትን ሰምተዋል፣ ገብቷቸዋል፣ አስበው መርጠዋል፣ መልስም ሰጥተዋል። መልሱ ግን እኛ ከለመድነው ሰዓት ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ የሚቀበለው ሰው አልነበረም። እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ ስንት መልስ ከኋላዬ ጥዬ እንደወጣሁ እግዚአብሔር ይወቀው። ዛሬ ወደዚህ ያመጣኝ ይህ ነገር ነው። ቀሪው ሁሉ የእሱ ማብራሪያ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

በሽታውን ገና ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ሃንቲንግተን በዘር የሚተላለፍ፣ አንጎልን ቀስ በቀስ የሚያመነምን በሽታ ነው። መነሻው በ4ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ዘረመል ነው። በዚህ ዘረመል ውስጥ ሲ፣ ኤ፣ ጂ የሚባሉ ሦስት ፊደላት ተከታትለው ይደጋገማሉ። በአብዛኛው ሰው ላይ ድግግሞሹ ከ27 በታች ነው። 40 እና ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው ዕድሜ ከሰጠው በሽታው ይመጣበታል። ከ36 እስከ 39 ባለው መካከል ያሉት ላይ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። ከወላጆች አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ወንድ ሴት፣ በኩር ታናሽ አይልም። ክፋቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ፣ ሰው ትዳር ይዞ ልጅ ከወለደ በኋላ መሆኑ ነው። ከጀመረ በኋላ 15፣ 20 ዓመት ይቆያል። አሜሪካ ውስጥ ምልክቱ የታየባቸው ሰዎች 40,000 ገደማ ናቸው። «የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እርግጥ ነው፣ በአውሮፓ ዝርያዎች ላይ ይበዛል፤ ነገር ግን ዘር መርጦ የሚቆም በሽታ አይደለም። እንዲያውም ከሌላ ዘረመል የሚመጣ፣ ከእሱ ጋር እጅግ የሚመሳሰል በሽታ አለ። እሱ የተገኘው አፍሪካዊ የዘር ግንድ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው።

ስሙን ያገኘው ከጆርጅ ሃንቲንግተን ነው። ይህ ሐኪም ስለ በሽታው የጻፈውን ያሳተመው በ1872 ነው (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ። አባቱም አያቱም በሎንግ አይላንድ ሐኪሞች ነበሩ። ልጅ እያለ ከአባቱ ጋር በሠረገላ ሲሄድ በጫካ መንገድ ላይ ሁለት ሴቶች፣ እናትና ልጅ፣ ሰውነታቸው እየተጠማዘዘ ፊታቸው እየተኮማተረ ሲመጡ አይቶ ፍርሃትም መገረምም ያዘው። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ የጻፈው ትዝታው ነው። በ1872ቱ ጽሑፉ የበሽታውን ሦስት መለያዎች አስቀመጠ፦ በዘር መተላለፉን፣ አእምሮን ማወክና ራስን ወደ ማጥፋት ማዘንበሉን፣ እንዲሁም ሰው ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ መጀመሩን። ከሦስቱ መለያዎች አንዱም ስለ ንግግር አይደለም። በእሱ አልፈርድም፤ በዚያ ዕድሜው ያየው ነገር ይደንቃል። ግን ዓይን ሁልጊዜ ወደሚንቀሳቀሰው ነገር ይሄዳል። እጅ ሲወራጭ፣ እግር ሲደንስ፣ የቃል መዘግየት ማን ያየዋል?

ሰው ካየውም ደግሞ ሰክሯል ይላል። በ1968 በሎስ አንጀለስ ሊዮኖር ዌክስለር የተባሉ ሴት በማለዳ መንገድ ሲሻገሩ ፖሊስ «በዚህ ጠዋት መስከር አያሳፍርሽም?» ብሎ ወቀሳቸው። ሃንቲንግተን ነበር። ሴትዮዋ በ1978 አረፉ። ተመራማሪዋ ልጃቸው ናንሲ ዌክስለር በሽታውን ለማጥናት ከ1979 ጀምሮ ወደ ቬንዙዌላ፣ በማራካይቦ ሐይቅ ዳር ወደሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ተመላለሰች። በዓለም ላይ በሽታው እጅግ የበዛበት ሕዝብ እዚያ ነው፤ እነሱ «ኤል ማል»፣ ክፉው፣ ይሉታል። እነዚያ ድሆች ክንዳቸውን ዘርግተው ለምርምሩ ደማቸውን ሰጡ። በ1983 ዘረመሉ በ4ኛው ክሮሞዞም ላይ እንዳለ ታወቀ፤ በ1993 ራሱ ዘረመሉ ተገኘ። በ2020 ናንሲ ዌክስለር እናቷን የገደለው በሽታ እሷም ላይ እንዳለ ለሕዝብ ተናገረች። ይህችን ሴት ባሰብኳት ቁጥር አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ።

እንግዲህ ወደ አፍ እንመለስ።

በሽታው መጀመሪያ የሚበላው አንጎል መሀል ጠለቅ ብሎ ያለውን ስትሪያተም የተባለ ክፍል ነው። የዚህ ክፍል ሥራ ነገርን ማስጀመር፣ የማይፈለገውን ማገድ፣ የሚከተለውን በተራው መልቀቅ ነው። እጅና እግርን ብቻ አይደለም፤ ሐሳብንና ቃልንም ጭምር። እንግዲህ ይህ ሲጎዳ ሁለት ነገር አብሮ ይበላሻል። አንዱ አነጋገር ነው፦ ትንፋሽ፣ ጉሮሮ፣ ምላስ፣ ከንፈር። ሌላው ቋንቋ ነው፦ ቃል መፈለግ፣ ዐረፍተ ነገር መገንባት፣ ጨዋታ መጀመር፣ የሰውን ነገር መከተል። በእንክብካቤ ሥራ ላይ ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምናያቸው ብዙ እንሳሳታለን።

አነጋገሩን በጆሯችሁ ታውቁታላችሁ። ድምፁ ሳይታሰብ ይጮሃል፣ ወዲያው ይሰልላል። በቃል መሀል ትንፋሽ ይቋረጣል። ፍጥነቱ አይታመንም፤ ሦስት ቃል ተግተልትሎ ይመጣና ረጅም ዝምታ ይከተላል። «ፓ ታ ካ፣ ፓ ታ ካ» እያሉ በፍጥነት እንዲደጋግሙ ስንጠይቃቸው ምቱ ወዲያው ይሰበራል። 

እዚህ ላይ በእኛ ቋንቋ የሚመጣ አንድ ጣጣ ልንገራችሁ፤ አማርኛ ተናጋሪ ታማሚ ቢያጋጥማችሁ ትፈልጉታላችሁ። አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም ይለውጣል። «ገና» ሲላላ «ገና አልደረሰም» እንደምንለው ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ይመታል» ሲላላ መቺው እሱ ነው፣ ሲጠብቅ ተመቺው እሱ ነው። በማጥበቅና በማላላት መካከል ያለችው ልዩነት ምላስ ወይም ከንፈር በቦታው ጥቂት ዘግይቶ የመቆየቱ ጉዳይ ናት። በሃንቲንግተን የሚጠፋው ደግሞ ይኸው የጊዜ ልክ ነው። ስለዚህ አንድ አባት «ይመታል» ቢላችሁ፣ ማን እንደሚመታና ማን እንደሚመታው ደግማችሁ ሳትጠይቁ ፋይል ላይ አትጻፉ። ቤተሰብ ሊበትን ይችላል። ጠ፣ ጨ፣ ቀን የመሰሉትም ጉሮሮና አፍ በአንድ ቅጽበት እንዲገጥሙ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ «ጠጣሁ» ያለው «ተታሁ» ይመስላል።

ሌላም አለ፤ ይህን ለፈረንጅ ባለሙያ ብነግረው አይገባውም፣ እናንተ ግን ወዲያው ይገባችኋል። እኛ «አዎ» ስንል ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እህ!» እንላለን። ሃንቲንግተን ያለበት ሰው ደግሞ ሳይፈልግ፣ የትንፋሽ ጡንቻው በራሱ ጊዜ ተንቀሳቅሶበት፣ ድንገት አየር ወደ ውስጥ ይስባል። አንዲት ጎበዝ ሠራተኛ «ልብስዎን ልቀይር?» ብላ ጠይቃ ያንን ትንፋሽ ስትሰማ «አዎ ብለውኛል» ብላ ልብስ ስታወልቅ አይቻለሁ። ታማሚው አልፈቀዱም፤ የተነፈሱ ብቻ ናቸው። ጆሯችን አገራችን የሠራችው ስለሆነ እሷን አልወቅስም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ትንፋሽን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩ።

ቋንቋው ላይ ስንመጣ ነገሩ ይረቃል። «በአንድ ደቂቃ ውስጥ የምታውቀውን እንስሳ ሁሉ ቁጠርልኝ» ብንል ጤነኛ ሰው ሃያ ያህል ይላል። እነሱ «ውሻ፣ ድመት» ብለው ይቆማሉ። ውሻና ድመት ብቻ ስለሚያውቁ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግራቸው ነገር ተዳክሞ ነው። ይህ ችግር አንዳንዶች ላይ እጃቸው መወራጨት ሳይጀምር እንኳ በፈተና ይታያል። ዐረፍተ ነገራቸው ያጥራል። «ስለሆነ»፣ «ቢሆንም»፣ «የነገርኩሽ» እያልን የምናያይዘው ይቀርና ሐሳቡ ቁርጥራጭ ሆኖ ይመጣል። 

የቋንቋና የአንጎል ተመራማሪው ማይክል ኡልማንና ባልደረቦቹ በ1997 ያሳተሙት ጥናት ለእኔ እስካሁን ይገርመኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑ የሃንቲንግተን ታማሚዎችን ግሥ ወደ ኃላፊ ጊዜ እንዲለውጡ ጠየቋቸው። እናንተ እንደምታውቁት «ዎክ» (መራመድ) የሚለው «ዎክት» (ተራመደ) ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ግን አንዳንድ ጊዜ መድረሻውን ደርበው «ዎክቲድ» ይሉ ነበር፤ እጃቸው ከልኩ በላይ እንደሚንቀሳቀስ ሁሉ ሰዋስዋቸውም ከልኩ አለፈ። ፓርኪንሰን የተባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያቀዘቅዝ የአንጎል በሽታ ያለባቸው ደግሞ በተቃራኒው መድረሻውን ማምጣት ይከብዳቸው ነበር። ሊቃውንቱ በትርጓሜው እስካሁን ይከራከራሉ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ታማሚ ቃል ሲሳሳት አላርምም። መድረሻውን ደርቦ «አልተነገረኝምም» ቢል አፉ እንጂ ልቡ አልሳተም።

ከሁሉ የሚጎዳው ግን የጨዋታ መጀመር መጥፋት ነው። እኛ ሰው የምንመዝነው በሰላምታ ነው። «ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው» ካላለን ተቀየመን፣ ኮራብን እንላለን። ሃንቲንግተን ያለበት ሰው ሲጠየቅ ይመልስ ይሆናል፤ ራሱ መጀመር ግን ያቅተዋል። አንዲት ሚስት «ባለቤቴ ሰባት ወር ሙሉ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ጠልቶኛል» ብላ አለቀሰችብኝ። ፊቱም አይረዳትም፤ የደስታና የሐዘን መስመሩ ደብዝዟል። በሰው ድምፅና ፊት ላይ ያለውን ቁጣ ወይም መጸየፍ መለየትም ያስቸግረዋል። እሷ በረጅሙ ስትተነፍስ፣ ሳህን ስታጋጭ፣ እንደ አገራችን ወግ በአሽሙር ስትናገር፣ ለእሱ የሚደርሰው ቃሉ ብቻ ነው፤ ወርቁ አይደርሰውም። «ደክሞኛል፣ ሳህን አጥብልኝ» ብላ ፊት ለፊት እንድትነግረው መከርኳት። አጠበ። ሁለት ብርጭቆ ሰበረ፤ ግን አጠበ። እሷ ያን ቀን ስልክ ደውላ የነገረችኝን ድምፅ አልረሳውም።

መድኃኒትስ? በሽታውን የሚያድን የለም። ቴትራቤናዚን በ2008 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ከእሱ በኋላም ተመሳሳይ መድኃኒቶች መጥተዋል። መወራጨቱን ይቀንሳሉ እንጂ የጠፋ ቃል አይመልሱም፤ ከበዙም እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ መልሱም ይበልጥ ይዘገያል። ስለዚህ የመድኃኒት መጠን ተለውጦ ታማሚው ዝም ካለባችሁ «በሽታው ገፋ» ብላችሁ አትለፉት፤ ለነርሷ ተናገሩ።

ከእናንተ የምፈልገው ሥራ ብዙ አይደለም። አንድ ጥያቄ ጠይቁና ጠብቁ። በልባችሁ አባታችን ሆይን አንድ ጊዜ በቀስታ ድገሙ፤ ሙስሊም የሆናችሁ ፋቲሃን ቅሩ። ያን ያህል ነው። በመሀል ጥያቄውን በሌላ ቃል አትለውጡት፤ እናንተ ስትለውጡት እሳቸው ሐሳባቸውን ከመጀመሪያ ይጀምራሉ። «ምን ይፈልጋሉ?» ከማለት «ሻይ ወይስ ቡና?» ማለት ይቀላል፤ ሁለቱንም አንስቶ ማሳየት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ቴሌቪዥኑን ዝጉት። ምግብ በአፋቸው ሳለ አታናግሯቸው፤ መዋጥም እንደ መናገር እየከበዳቸው ነው፣ ትንታ የሚገድለው ይህን ሰው ነው።

ቤተሰቡን ደግሞ ገና ድምፁ ሳይሄድ ተናገሩ። ዛሬ ስልካችን ሁሉ ይቀዳል። የልጅ ስም ሲጠራ፣ ሲመርቅ፣ ሲቆጣ፣ የሚወደውን ታሪክ ሲያወራ ይቅዱት። ከዚያም አዎና አይደለም የሚባባሉበትን ምልክት አሁኑኑ ይስማሙ። አፍ ከተያዘ በኋላ አዲስ ነገር ማስተማር ይከብዳል። ምልክቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሌላ ቦታ የለመድነው «አዎ ከሆነ ዓይንህን ወደ ላይ አድርግ» የሚባለው እዚህ ብዙም አያገለግልም፤ በሃንቲንግተን ዓይንን ወዳሰቡበት ማዞር ቀድመው ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ነው። እጄን ጨብጡ ማለትም አያዋጣም፤ ጭብጣቸው ሳይፈልጉ ይጠብቃል፣ ሳይፈልጉ ይላላል። ሁለት ሰፋፊ ካርዶች አራርቆ ማስቀመጥ፣ እጃቸው አርፎ የሚቆይበትን መጠበቅ፣ ይህ ከብዙ ሙከራ በኋላ ያየሁት የተሻለ መንገድ ነው።

ስለ ዘር ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ። በእኛ ባህል ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ «በዘራቸው ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ቤት ውስጥ ከታየ ይደበቃል፤ ርግማን ነው፣ መጠጥ ነው፣ ዛር ነው ይባላል። ቤተሰቡ ራሱ ስለ በሽታው አፉን ሲዘጋ ታማሚው ሁለት ጊዜ ዲዳ ይሆናል። የደም ምርመራ አለ። መመርመርም አለመመርመርም የሰውየው ምርጫ ነው፤ ሳይማከሩ አይመረመሩ፣ ማንንም አታስገድዱ። ነገር ግን ስሙን ጠርታችሁ አውሩበት። የሰከረ አይደለም፣ የተረገመ አይደለም፣ ታሞ ነው።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ። እዚህ ፊት የተቀመጡት እናት ቅድም «ለመሆኑ መጨረሻ ላይ የምንለው ይገባቸዋል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር።

ወደ መምህርቷ ልመለስ። በመጨረሻው ዓመት ከአፋቸው ቃል ወጥቶ አያውቅም። ትሪያቸው ላይ ሁለት ካርድ አደረግን፤ አዎ አረንጓዴ፣ አይደለም ቀይ። አንድ እሑድ ልጃቸው መጥታ ለሠራተኞቹ የድሮ ታሪክ ትነግራለች። አንዲት ወፍ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባት፣ እናቷ ለእሷ ሲሉ ትምህርት አቋርጠው መስኮት ላይ ወጥተው እንደነበር። «ሰባተኛ ክፍል እያስተማረች ነበር» አለች። የመምህርቷ እጅ መነሳት ጀመረ። ተወራጨ፣ ትሪው ጠርዝ ላይ ወደቀ፣ እንደገና ተነሳ። ልጃቸው ወሬዋን ቀጥላለች። «ቆይ» አልኳት። ሁላችንም ዝም አልን። ያን ጊዜ ውሃ ላምጣ ያለችው እህታችንም እዚያው ነበረች፤ ብርጭቆ እንደያዘች ቆመች። እጁ ቀዩ ካርድ ላይ አረፈና ቆየ።

«ስድስተኛ ነው እንዴ እማዬ?»

ቀዩ ላይ።

«ስምንተኛ?»

እጁ ጉዞውን እስኪጨርስ ጠበቅን። አረንጓዴው ላይ አረፈ።